ከድርጎ ወደ ሒሳብ፦ የእቴጌ ሆቴል ሕንፃ ታሪክ

የአንድ ከተማ ታሪክ በቤተ መንግሥቱና በቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ተጽፎ አያልቅም። ቤተ መንግሥቱ የገዢውን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የምእመኑን፣ ገበያውም የነጋዴውን ታሪክ ይዘው ይኖራሉ። ከተማይቱ ለማታውቀው ሰው፣ ዘመድ ለሌለው መንገደኛ፣ ከሩቅ አገር ለመጣ ባዕድ ምን ዓይነት ፊት ታሳየው እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ቤት መመርመር ይኖርበታል፤ እርሱም የእንግዳ ማረፊያው ነው።

በአዲስ አበባ፣ ቀድሞ አራዳ ኋላም ፒያሳ በተባለው ሰፈር፣ በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ትእዛዝ የተሠራው ሆቴል በዚህ ረገድ ከሁሉ ይቀድማል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል በመሆኑ ስሙ ሲነሣ ኖሯል። ሆኖም «የመጀመሪያው» የሚለው ማዕረግ ብቻውን ብዙ አያስተምርም። የሚያስተምረው፣ ቤቱ በተከፈተ ጊዜ በአገሩ ሰው ልማድ ውስጥ ያልነበረ አንድ ነገር ይዞ መምጣቱ ነው፤ ይኸውም እንግዳ የበላበትንና ያደረበትን በገንዘብ ከፍሎ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ የማንም ባለውለታ ሳይሆን መሄድ የሚችል መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱም፣ ስሙም፣ የቆመበት ሰፈር መጠሪያም ተለዋውጠዋል። ሕንፃው እስከ ዘመናችን ድረስ የሚታወቀው ግን በዚያው በተፈጠረለት ሥራ ነው።

የእግዜር እንግዳ

ሆቴል ከመኖሩ በፊት በኢትዮጵያ መንገደኛ ሜዳ ላይ ያድር ነበር ማለት አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ደጅ ደርሶ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ በተጣራ ጊዜ እሺ ብሎ ማስገባት ለባለቤቱ የክብርም የሃይማኖትም ግዴታ ነበር። እግሩን አጥቦ፣ ካለው አቅርቦ፣ መደቡን ለቆ ማሳደር የባለቤቱ ድርሻ ሲሆን፣ መርቆ መሄድ የእንግዳው ድርሻ ነበር። በዚህ መካከል ዋጋ የሚባል ነገር አይነሣም። ሲራራ ነጋዴውም ቢሆን ድንኳኑንና ስንቁን ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሰፍሮ ያድር ስለ ነበር የአዳር ገንዘብ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

የመንግሥት እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ በድርጎ ይስተናገድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወይም አገረ ገዢው በሰጠው ቃል ወይም ደብዳቤ መሠረት፣ ለእንግዳውና ለተከታዮቹ በየዕለቱ እንጀራ፣ ሙክት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ጠጅና ለከብቶቻቸው ገፈራ ይቀርባል። ወደ ዋና ከተማ የመጡ የውጭ አገር መልእክተኞች በብዙ ሠራዊት ታጅበው ከገቡ በኋላ በመኳንንት ግቢ ወይም በድንኳን እንዲያርፉ ይደረግ ነበር፤ ድርጎውም ከቤተ መንግሥት ይላክላቸዋል።

ይህ ሥርዓት በውጭ ሲታይ ነጻ ግብዣ ይመስላል። በእርግጥ ግን ዋጋ ነበረው። እንግዳው በመንገድ ላይ ሳለ በየደረሰበት መንደር የሚቀርብለት ድርጎ የሚወጣው ከባላገሩ ጎተራና በረት ነበር። ብዙ ተከታይ ያለው አንድ መልእክተኛ በአንድ መንደር ሁለት ሌሊት ቢያድር፣ መንደሩ የወራት ስንቁን ሊያጣ ይችላል። እንግዳው ያልከፈለውን ሒሳብ፣ እንግዳውን ጨርሶ የማያውቀው ገበሬ ይከፍለው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የሆቴልን መምጣት የቸርነት መቀነስ አድርጎ ብቻ የሚያየው ሰው፣ የቸርነቱን ዕዳ ይሸከም የነበረውን ትከሻ ዘንግቷል።

ሰፈሩ ከተማ ሲሆን

አዲስ አበባ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በፍልውሃ አካባቢ ስትቆረቆር፣ ስሟን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ እንደ ነበሩ ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበራት መልክ ግን የከተማ ሳይሆን የሰፈር ነበር። በኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ በየኮረብታው ጫፍ የየመኳንንቱ ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ ደግሞ የሠራዊቱ ጎጆና ድንኳን ነበረ። ቀድሞ እንደ ነበሩት የነገሥታት ሰፈሮች ሁሉ፣ እንጨቱ ሲያልቅ ተነሥታ ወደ ሌላ ቦታ የምትሄድ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ተተክሎ የማገዶውና የቤት መሥሪያው ችግር በመቃለሉ፣ ከተማይቱ በቦታዋ ጸናች።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል ደግሞ የእንግዳውን ዓይነትና ብዛት ለወጠው። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የኢጣልያና የሩስያ መንግሥታት ተከታትለው ቋሚ መልእክተኞቻቸውን አስቀመጡ። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ፣ በ1897 ዓ.ም. የጀርመን ልዑካን መጥተው የንግድ ውል ተዋዋሉ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ሥራውን ጀመረ። ከነዚህ ሁሉ ጋር ነጋዴው፣ የማዕድን ፈላጊው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ የጦር መሣሪያ ሻጩና ዕድሉን ለመሞከር የመጣው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ።

እነዚህ ሰዎች የቀድሞው ሥርዓት ቦታ ያላዘጋጀላቸው እንግዶች ነበሩ። መልእክተኛ ስላልሆኑ ድርጎ አይገባቸውም፤ ቋንቋና ልማድ ስለማያውቁ እንደ አገሩ መንገደኛ በየደጁ እየተጣሩ ሊያድሩ አይችሉም፤ ለአጭር ጊዜ የመጡ ስለሆኑም ቤት መሥራት አይሆንላቸውም። በእጃቸው ያለው ገንዘብ ነበር። በገንዘብ ብቻ የሚታደርበት ቤት ግን በከተማይቱ አልነበረም።

ከጓዳ ወደ አደባባይ

ይህን ጉድለት ተመልክቶ መፍትሔ የፈለገለት ሰው ከመኳንንቱ ወይም ከውጭ አገር ነጋዴዎች አንዱ ሳይሆን እቴጌይቱ ራሳቸው መሆናቸው የሚያስገርም አይደለም። በቤተ መንግሥት ሥርዓት የግብሩ ዝግጅት፣ የጠጁና የወጡ ጉዳይ፣ የጓዳው ሠራዊት በሙሉ በእቴጌይቱ ሥልጣን ሥር ነበር። እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ከመድፋታቸው በፊት እንኳ፣ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ ለቀናት የቆየ ታላቅ ግብር አዘጋጅተው ሕዝቡን አብልተዋል። ኋላም በምኒልክ አዳራሽ በየጊዜው ግብር ሲጣል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ የሚወጣበት ሥራ በአጋጣሚ የሚከናወን አልነበረም። ስንት ሰንጋ፣ ስንት ጉንዶ ማር፣ ስንት ሌማት እንደሚያስፈልግ ማወቅን፣ ጋጋሪውንና ወጥ ቤቱን፣ ጠጅ ጣዩንና አሳላፊውን በየመልኩ ማሰማራትን የሚጠይቅ ታላቅ አስተዳደር ነበር።

ዛሬ የሆቴል አስተዳደር ተብሎ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ዕውቀት በእቴጌይቱ ጓዳ ውስጥ በሌላ ስም ይሠራበት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ ግብሩ በማዕረግ የሚታደል መሆኑ ነው። ማን ከማን በፊት እንደሚገባ፣ ማን ከየትኛው ብልት እንደሚቆረጥለት፣ ማን በብርሌ ማን በዋንጫ እንደሚጠጣ ሥርዓቱ ይወስናል። የበላውም ሰው ያበላውን ጌታ ማገልገል አለበት። በሆቴል ግን ማዕዱን የሚያገኘው የከፈለ ሁሉ ነው። የጓዳው ጥበብ ወደ አደባባይ ሲወጣ ከማዕረጉ ተላቆ ወጣ።

ሕንፃው

ሆቴሉ በ1898 ዓ.ም. እንደ ተሠራ፣ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ደግሞ ተመርቆ ለእንግዳ እንደ ተከፈተ በታሪኩ ላይ የተጻፉ ጽሑፎች ያመለክታሉ። የሕንፃው ንድፍ የአርመናዊው የሚናስ ኬርቤክያን ሥራ እንደ ሆነ በብዙ ቦታ ይጠቀሳል። አገሩ ሰው «ሙሴ ሚናስ» የሚላቸው እኚህ ሰው፣ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ሥራቸውን ትተው ካለፉት አርመን፣ ግሪክ፣ ሕንድና ኢጣልያዊ ባለሙያዎች አንዱ ናቸው።

የቦታው ምርጫ በራሱ ብዙ ይናገራል። አራዳ የገበያው ቦታ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያው ነው፤ የውጭ አገር ነጋዴዎች ሱቆችም በዚሁ ሰፈር ተደርድረው ነበር። ሆቴሉ በቤተ መንግሥቱ አጥር ውስጥ ወይም በሌጋሲዮኖቹ አጠገብ ቢሠራ ኖሮ የመንግሥት እንግዳ ቤት ሆኖ በቀረ ነበር። በገበያው መካከል መሠራቱ ግን ከመጀመሪያው የንግድ ቤት መሆኑን አስመሰከረ።

የአሠራሩ ዓይነት ለዘመኑ የአራዳ ሕንፃዎች የጋራ የሆነውን መልክ የያዘ ነው። ከታች ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ የእንጨት ሥራ የበዛበት ፎቅ፣ ከፊት ለፊት በረንዳ፣ ከላይ ደግሞ የቆርቆሮ ክዳን አለው። በውስጡ ሰፊ የእንጨት ደረጃ፣ የእንጨት ወለል፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ረጃጅም መስኮቶች ይገኛሉ። ሙያው ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ በጌጥነቱ ብቻ አያልፈውም። ወፍራሙ ግንብ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል። ከፍ ያለው ጣሪያና ረጅሙ መስኮት አየርና ብርሃን ያስገባሉ። በረንዳው ከክረምቱ ዝናብ ይከላከላል፤ ከዚህም በላይ እንግዳው ከክፍሉ ወጥቶ፣ ከግቢውም ሳይወጣ፣ ከተማይቱን ተቀምጦ የሚያይበት ቦታ ይሰጠዋል። በኢትዮጵያ ቤት አሠራር ውስጥ ደጀ ሰላሙና አዳራሹ ይታወቁ ነበር፤ መንገደኛ ለብቻው የሚቆለፍ ክፍል ይዞ፣ ከሌሎች መንገደኞች ጋር የጋራ ደረጃና የጋራ በረንዳ የሚጠቀምበት ቤት ግን አዲስ ነገር ነበር።

የሥራው ክብደት የሚታወቀው የባቡር ሐዲዱ በዚያ ጊዜ ከድሬ ዳዋ ያላለፈ መሆኑ ሲታሰብ ነው። ከውጭ የሚመጣው ቆርቆሮ፣ መስታወት፣ ምስማርና የቤት ዕቃ ሁሉ ከባቡሩ ከወረደ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚደርሰው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበር። በዚያ ዘመን በከተማይቱ የቆመ እያንዳንዱ የቆርቆሮ ክዳን ቤት የዚህ የጭነት ጉዞ ውጤት ነው። ድንጋዩና እንጨቱ ግን የአገሩ፣ የአብዛኛውም ሠራተኛ ጉልበት የአገሩ ልጅ ጉልበት ነበር።

መክፈል ነውር በነበረበት ጊዜ

ሕንፃውን መሥራት ከባድ ቢሆንም፣ ከዚያ የባሰው ችግር ቤቱ ከተከፈተ በኋላ መጣ። የአገሩ ሰው ምግብ በገንዘብ መግዛትን እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር። ቤት ያለው ሰው በቤቱ ይበላል፤ ቤት የሌለው በዘመድ ቤት ወይም በጌታው አዳራሽ ይበላል፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚበላ ሰው ግን ዘመድም ጌታም የሌለው ነው ያሰኛል። እንጀራ መሸጥም እንደ መግዛቱ ያሳፍር ነበር። ስለዚህ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የተወደደው ቤት፣ በመኳንንቱና በከተማው ሰው ዘንድ በሩቁ የሚታይ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያደረጉት ነገር በቃልም በጽሑፍም ሲነገር ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንታቸውን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ፤ በማዕድ ተቀምጠው በሉ፤ ሲጨርሱም የበሉበትን ሒሳብ ከፈሉ ይባላል። አገር ሁሉ የሚበላው ከእሳቸው አዳራሽ ሆኖ ሳለ፣ በባለቤታቸው ቤት የበሉትን መክፈላቸው ለተመልካቹ ትልቅ ትምህርት ነበር። መኳንንቱም ንጉሡ ያደረጉትን ማድረግ ነውር ሊሆን እንደማይችል ስላዩ፣ ቀስ በቀስ እየሄዱ መብላትና መክፈል ጀመሩ ይላል ታሪኩ።

ይህ ታሪክ ከዘመኑ አጠቃላይ አካሄድ ጋር ሲነጻጸር ብቻውን የቆመ ተረት አይመስልም። በዚያው በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመዋል። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በዚሁ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ እንዳይናቁ ያዘዘው ይህ አዋጅና ምኒልክ በሆቴሉ ከፈሉት የሚባለው ሒሳብ የአንድ ሐሳብ ሁለት ገጾች ናቸው። ሥራ የሚያዋርድ ከሆነ ለሥራው መክፈልም ያዋርዳል። ሥራ የሚከበር ከሆነ ግን ለሠሪው ዋጋውን መስጠት ማክበር ነው። እንጀራ የጋገረች፣ ወጥ የሠራች፣ አልጋ ያነጠፈች ሴት ለድካሟ ደመወዝ ልታገኝ የምትችለው አንድ ሰው ሒሳቡን ሲከፍል ነው።

ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ የተከፈተው ምግብ ቤት፣ ቡና ቤትና ሆቴል ሁሉ የዚህ ለውጥ ወራሽ ነው። የእግዜር እንግዳ መቀበሉ በባላገር አልጠፋም፤ ሊጠፋም አይገባውም። ከተማ ግን በዚያ ብቻ ሊኖር አይችልም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበት፣ ሰው ሰውን የማያውቅበት ቦታ፣ መንገደኛው በውለታ ሳይሆን በመብት የሚገባበት ደጅ ያስፈልገዋል።

ባለቤትና ስም ሲለዋወጡ

ሆቴሉ ከተመረቀ ብዙም ሳይቆይ የመሥራቿ ዕድል ተለወጠ። የምኒልክ ሕመም ከጸና በኋላ፣ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ተደረገ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ኖሩ፤ በዚያም በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። አዲስ አበባን ስም አውጥተው የመሠረቱ እቴጌ የመጨረሻ ዓመታቸውን ከተማይቱን ከተራራው ላይ ቁልቁል እያዩ ሲያሳልፉ፣ ቤታቸው ከታች በአራዳ እንግዳ ይቀበል ነበር።

በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ በመድረሱ የእንግዳው ቁጥር ጨመረ። ከጅቡቲ የሚነሣ መንገደኛ በለገሃር ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ አራዳ መድረስ ነበረበት። በዚህ ጊዜ የሆቴልና የመጠጥ ንግድ በብዛት በግሪኮች፣ በአርመኖችና በሌሎች የውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበር። የእቴጌይቱም ቤት በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ «ኢምፔሪያል ሆቴል» እየተባለ ይጠራ ጀመር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር፣ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻና በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያም የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ፣ ከየአገሩ የመጡት ጋዜጠኞች በከተማይቱ ጥቂት ሆቴሎች ተጨናንቀው ነበር። ዓለም ስለ ኢትዮጵያ ያነበበው ወሬ በብዛት የተጻፈው በእነዚህ ሆቴሎች ክፍሎችና በረንዳዎች ላይ ነው። የ«ኢምፔሪያል»ም ስም በዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ሆኖ ቀርቷል።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከተነሡ በኋላ፣ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ባለቤት አጥታ ተዘረፈች፤ ከአራዳ ሱቆችም ብዙዎቹ ተቃጠሉ። አሮጌው ሆቴል ግን ከዚያ ጥፋት ተርፎ ቆየ። ወራሪው መንግሥት ሰፈሩን «ፒያሳ» አለው። የአገሬውን ሰው ከአውሮፓውያን ለመለየት ሲል ታላቁን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ቦታ ወሰደው። በዚህም እቴጌይቱ በገበያ መካከል የሠሩት ቤት ገበያው ጥሎት ሄደ። ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ የወርቅ ቤቶች፣ የሲኒማና የኬክ ቤቶች ሰፈር ሆነ። የኢጣልያ ስም ግን በሕዝቡ አፍ ቀረ።

ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማይቱ ማዕከል ራሱ ከአራዳ ወደ ደቡብ ተንሸራተተ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ተመሠረተ። ለመሪዎችና ለልዑካን የሚሆኑ ትላልቅ ሆቴሎች በመስቀል አደባባይና በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ተሠሩ፤ በ1962 ዓ.ም. የተከፈተው ሂልተን ከእነዚህ ዋነኛው ነበር። አሳንሰርና የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች በመጡ ጊዜ፣ የእንጨት ደረጃ ያለው ቤት የታላላቆች ማረፊያ መሆኑ ቀረ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በመንግሥት ይዞታ ሥር ቆየ፤ በኋላም ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ። በእነዚህ ዐሥርት ዓመታት ሁሉ ወደ ደጁ የሚመጡት አነስተኛ ገንዘብ የያዙ የውጭ አገር መንገደኞች፣ የጥበብ ሰዎች፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ እንግዶችና ቡና ለመጠጣት የሚገቡ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ይህ ማሽቆልቆል የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ቤቱ ከተፈጠረበት ዓላማ አልራቀም፤ ማዕረግ የሌለው መንገደኛ ከፍሎ የሚያድርበት ቤት ሆኖ ቆየ እንጂ።

እሳቱና ከእሳቱ በኋላ

እሑድ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ የተነሣው እሳት በግቢው ይታወቅ የነበረውን «ጃዝ አምባ» የሙዚቃ አዳራሽ አወደመ፤ ታሪካዊውን ሕንፃም ጎዳ። የከተማው ሰው ያን ቀን ያሳየው ድንጋጤ፣ ብዙዎች አንድ ሌሊት እንኳ ያላደሩበት ቤት የእነርሱም ንብረት ሆኖ እንደ ተሰማቸው የሚያሳይ ነበር። ቤቱ ግን በዚያ አላበቃም፤ ከእሳቱ በኋላም እንግዳ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ፈተና ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በሰፈሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛወሩ። አራዳን አራዳ ያደረጉት ቤቶችና ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲነሡ፣ ለብቻው የሚቀር ታሪካዊ ሕንፃ እንደ መጽሐፍ ሳይሆን ከመጽሐፍ ተቀድዶ እንደ ቀረ አንድ ገጽ ይሆናል። ገጹ ይነበባል፤ ከፊቱና ከኋላው የነበረው ግን አይታወቅም።

በሕንፃ ሙያ ለተሰማሩ ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፣ የዚያ ዘመን ሕንፃዎች በአብዛኛው የእንጨት ሥራ የበዛባቸው ናቸው። መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት፣ በኋላ ዘመን የተጨመረ የኤሌክትሪክ መስመርና በየጊዜው የተቀጠለ ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገኙ፣ እሳት የሚጠበቅ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ከአደጋው በፊት ልክና ንድፋቸውን ማንሣት፣ ፎቶግራፋቸውን ማስቀመጥ፣ የእሳት መከላከያቸውን ማሟላት የሙያው ግዴታ ነው። ንድፉ ያልተነሣለት ደረጃ ከተቃጠለ በኋላ የሚሠራው ደረጃ የግምት ሥራ ይሆናል።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይጠልቃል። አሮጌ ሕንፃን ለማዳን የሚቀርበው የተለመደ ሐሳብ ሙዚየም ይሁን የሚል ነው። ለብዙ ሕንፃዎች ተገቢ ሐሳብ ነው። ለዚህ ሕንፃ ግን ግድግዳው፣ በረንዳውና ደረጃው የቅርሱ ግማሽ ብቻ ናቸው። ሌላው ግማሽ በውስጡ የሚሠራው ሥራ ነው። ምድጃው የማይነድበት፣ አልጋው የማይነጠፍበት፣ ሒሳብ የማይጠየቅበት እቴጌ ሆቴል፣ ድንጋዩ ሁሉ በቦታው ቢኖር እንኳ፣ ታሪኩን ያጣ ቤት ነው። ስለሆነም ጥገናው የሚመዘነው የፊቱ ቀለም በመታደሱ ሳይሆን፣ መንገደኛ ዛሬም ገብቶ ለማደርና ለመብላት በመቻሉ መሆን ይገባዋል።

እቴጌ ጣይቱ በሕይወታቸው ብዙ ነገር መሥርተዋል፤ በብዙ ታሪክም ውስጥ ስማቸው ይነሣል። የውጫሌን ውል ሲቃወሙና ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የአገሪቱን ደጅ ለማይገባው ዘጉ። ሆቴሉን ሲያሠሩ ደግሞ የከተማይቱን ደጅ ከፍሎ ለሚገባ ሁሉ ከፈቱ። ሁለቱም አገርን የማክበር ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በፒያሳ መታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶለታል። ሁለተኛው መታሰቢያውን ከመቶ ዓመት በፊት ራሱ ሠርቷል፤ የሚፈልገው ጠባቂና እንግዳ ነው።